ከአምባሳደርነት ወደ ባህል ሚኒስትርነት፦ ሰርዋት ዑካሻና የኑቢያ ቤተ መቅደሶች

ሰርዋት ዑካሻ እ.ኤ.አ. በ1958 መጨረሻ የግብጽ የባህል ሚኒስትር ሆነው ከተሾሙ ገና ጥቂት ወራት ሲሆናቸው፣ የኒውዮርኩ የሜትሮፖሊታን ሙዚየም ዳይሬክተር ጄምስ ሮሪመር ከአሜሪካ አምባሳደር ጋር ሆነው ሊያነጋግሯቸው መጡ። የመጡበት ጉዳይ ግዢ ነበር። በአስዋን ሊሠራ የታቀደው ታላቅ ግድብ ሲጠናቀቅ የኑቢያ ጥንታዊ ቤተ መቅደሶች በውሃ መዋጣቸው ስለማይቀር፣ ግብጽ ከእነዚህ አንዱን ወይም ሁለቱን ለሙዚየሙ ትሸጥ እንደሆነ ጠየቁ። ዑካሻ ከዓመታት በኋላ እንደጻፉት ጥያቄው ክፉኛ አስደነገጣቸው፤ ሊሰጥም የተቃረበን ቅርስ ለመግዛት ከማሰብ ይልቅ በማዳኑ ሥራ መርዳት ይገባ ነበር የሚል መልስም ሰጡ። መልሱን መስጠት ግን ቀላሉ ክፍል ነበር። ቤተ መቅደሶቹን ማን፣ በምን ገንዘብ፣ በምን ዘዴ ያድናቸዋል ለሚለው ጥያቄ በዚያ ቀን በካይሮ መልስ የነበረው ሰው አልነበረም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

የኑቢያ ቅርሶች የመዳን ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው እንደ ምህንድስና ታሪክ ነው፤ ተራራ ተቆረጠ፣ ሐውልት ተነሣ፣ እንደገና ተገጠመ ይባላል። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ከመጋዙና ከክሬኑ በፊት ረጅም ድርድር ነበረ፤ ድርድሩን የጀመሩት ሰውም የአርኪዮሎጂ ባለሙያ ሳይሆኑ የቀድሞ አምባሳደር ነበሩ። የዑካሻን የሥራ ዘመን ተከትሎ የሚሄድ ሰው የባህል ሚኒስትርነት ምን ዓይነት ሥራ እንደሆነ፣ የዲፕሎማትነት ልምድም ለዚህ ሥራ ምን እንደሚጨምር በግልጽ ያያል የሚል እምነት አለኝ።

ዑካሻ የተወለዱት በ1921 በካይሮ ነው። የጦር ትምህርት ቤት ተመራቂና የፈረሰኛ ጦር መኮንን ነበሩ፤ ንጉሥ ፋሩቅን በሐምሌ 1952 ከዙፋን ያወረዱት የ«ነጻ መኮንኖች» ቡድን አባልም ነበሩ። ከአብዮቱ በኋላ ለአጭር ጊዜ የአዲሱን መንግሥት መጽሔት በአዘጋጅነት መሩ፤ በ1953 ግን ከአገር ቤት ፖለቲካ ርቀው በወታደራዊ አታሼነት ወደ አውሮፓ ተላኩ፤ በስዊዘርላንድና በፈረንሳይ እስከ 1956 ሠሩ። አታሼ በኤምባሲ ውስጥ አንድን የሙያ ዘርፍ ወክሎ የሚሠራ ሰው ነው፤ ወታደራዊ አታሼ የጦር ኃይሎችን ጉዳይ ይከታተላል፣ ሰዎችን ያውቃል፣ ያየውንና የሰማውን ለአገሩ ያሳውቃል። ዑካሻ ከዚህ ሥራ ጎን ለጎን ሙዚየሞችን፣ የሙዚቃ አዳራሾችንና የኦፔራ ቤቶችን አዘውትረው ይጎበኙ ነበር፤ በ1960ም ከፓሪሱ ሶርቦን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪ አገኙ። ከ1957 እስከ 1958 በሮም የግብጽ አምባሳደር ሆነው ከቆዩ በኋላ ፕሬዚዳንት ገማል አብደል ናስር ወደ ካይሮ ጠርተው ሚኒስትር አደረጓቸው። ሹመቱን ለመቀበል አመንትተው እንደነበር በማስታወሻቸው ላይ ጽፈዋል።

ማመንታታቸው የሚገርም አይደለም። የተረከቡት መሥሪያ ቤት የባህልና መርሐ ብሔር ሚኒስቴር ይባል ነበር። ይህ አጠራር ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ አይሆንም፤ በእኛም አገር በደርግ ዘመን የማስታወቂያና መርሐ ብሔር ሚኒስቴር የሚባል መሥሪያ ቤት ነበረ። በእንዲህ ያለ ስም ሥር ባህል የመንግሥትን መልእክት ማሰራጫ የመሆን አደጋው ትልቅ ነው፤ ሚኒስትሩም ቀኑን ሙሉ ከሬዲዮና ከጋዜጣ ጉዳይ ጋር ሲታገል ሊውል ይችላል። ዑካሻ ግን ገና ከመነሻው ዘላቂ ተቋማትን ወደ መትከል አዘነበሉ። የሲኒማ፣ የባሌና የሙዚቃ ከፍተኛ ተቋማት በዚያው ሰሞን ተከፈቱ፤ እነዚህ በኋላ የሥነ ጥበባት አካዳሚ በሚል ስም በአንድነት ተሰባሰቡ።

ከሁሉ በላይ አጣዳፊ የሆነው ግን የኑቢያ ጉዳይ ነበር። ኑቢያ ከአስዋን ጀምሮ ወደ ደቡብ እስከ ሱዳን የሚዘልቅ የአባይ ሸለቆ ነው። እንግሊዞች በ1902 ያስጨረሱት የቀድሞው የአስዋን ግድብ ሁለት ጊዜ ከፍታው ተጨምሮ ስለነበር፣ በፊሌ ደሴት ላይ ያለው የኢሲስ ቤተ መቅደስ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ በከፊል በውሃ ተውጦ ይታይ ነበር። አዲሱ ግድብ ግን ከዚያ ጋር የሚነጻጸር አልነበረም፤ ከኋላው የሚፈጠረው ሐይቅ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ይኖረዋል። ዳግማዊ ራምሴስ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ከዐለት ያስፈለፈሏቸው የአቡ ሲምበል ቤተ መቅደሶች፣ 20 ሜትር ከሚደርሱት የንጉሡ ሐውልቶች ጋር፣ ከሐይቁ ሥር ሊቀሩ ነው። የግድቡ ግንባታ በጥር 1960 ሲጀመር ለማሰብም ለመሥራትም የቀረው ጊዜ የጥቂት ዓመታት ብቻ ነበር።

የፖለቲካው አየር ደግሞ ከውሃው ያልተናነሰ አስቸጋሪ ነበር። አሜሪካ ለግድቡ ልትሰጥ የነበረውን ገንዘብ በሐምሌ 1956 ከለከለች፤ ናስር የስዊዝ ቦይን ወረሱ፤ በዚያው ዓመት ጥቅምት መጨረሻ እስራኤል፣ ብሪታንያና ፈረንሳይ ግብጽን ወጉ። ለግድቡ ብድር የሰጠችው በመጨረሻ ሶቭየት ኅብረት ሆነች። እንግዲህ ዑካሻ በ1959 እርዳታ ሊጠይቋቸው የሚገቡት አገሮች፣ ማለትም ገንዘብ፣ ሙዚየምና የግብጽ ጥናት ሊቃውንት ያሏቸው አገሮች፣ ከሦስት ዓመት በፊት በግብጽ ላይ ቦምብ የጣሉት ወይም ግድቡን ራሱን የተቃወሙት ነበሩ። ከፈረንሳይ ጋር የነበረው የዲፕሎማሲ ግንኙነት ተቋርጦ እስከ 1963 አልተመለሰም። በካይሮ በኩልም «ወራሪዎችን እንለምን?» የሚል ስሜት ሊነሣ እንደሚችል ለመገመት ብዙ ማሰብ አያስፈልግም።

የአምባሳደርነት ልምዳቸው የጠቀመው እዚህ ላይ ነው። ሁለት መንግሥታት ፊት ለፊት መነጋገር ሲያቅታቸው ዲፕሎማት የሚፈልገው ሦስተኛ ቤት ነው፤ ማንም ተሸንፎ ሳይታይ ሁሉም የሚገባበት ቤት። ዑካሻ ያን ቤት ያገኙት በዩኔስኮ ነው። በ1945 የተመሠረተው ይህ የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት እስከዚያ ጊዜ ድረስ ይህን የሚያህል ሥራ ሞክሮ አያውቅም ነበር፤ ለዚህ የሚበቃ በጀትም አልነበረውም። ዑካሻ በካይሮ ካገኟቸው የድርጅቱ ከፍተኛ ኃላፊ ከሬኔ ማዩ ጋር ሐሳቡን ከተወያዩ በኋላ የናስርን ይሁንታ አገኙ፤ በሚያዝያ 1959 ግብጽ ጥያቄዋን ለዩኔስኮ በይፋ አቀረበች። መሬቷ በዚሁ ሐይቅ የሚነካባት ሱዳንም በዚያው ዓመት ተከተለች።

ጥያቄው የቀረበበት መንገድ በጥንቃቄ መታየት ያለበት ነው። ግብጽ «ድሃ ነኝና እርዱኝ» አላለችም። ቅርሶቹ የግብጽ ንብረት እንደሆኑ ሳይካድ፣ መጥፋታቸው ግን የሰው ልጅ ሁሉ ጉዳት ነው የሚለው ሐሳብ ፊት ለፊት ቀረበ። በዚህ አነጋገር ፈረንሳይ ወይም አሜሪካ የሚሰጡት ገንዘብ ለናስር መንግሥት የሚደረግ ውለታ መሆኑ ቀርቶ ለጋራ ታሪክ የሚከፈል ድርሻ ይሆናል። ግብጽ በበኩሏ ተጨባጭ ነገር ዘረጋች፦ ለውሃ በታቀደው አካባቢ ቁፋሮ የሚያካሂዱ የውጭ ቡድኖች ከሚያገኙት ቅርስ ቢያንስ ግማሹን ይወስዳሉ፤ በሌሎች የግብጽ ቦታዎች ለመቆፈር ፈቃድ ያገኛሉ፤ የተወሰኑ ትናንሽ ቤተ መቅደሶችም ከፍተኛ እርዳታ ላደረጉ አገሮች በስጦታ ይሰጣሉ።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ዛሬም ያከራክራል፤ ሊያከራክርም ይገባዋል። አንድ አገር ቅርሷ ወደ ውጭ እንዳይወጣ በምትታገልበት ዘመን የራሷ ሚኒስትር ቤተ መቅደስ ሲሰጥ ማየት ያማል። እኔ ግን ውሳኔውን የምመዝነው በዚያ ጊዜ ከነበረው አማራጭ አንጻር ነው፤ አማራጩ ቤተ መቅደሶቹን በቦታቸው ማቆየት ሳይሆን ውሃ እንዲበላቸው መተው ነበር። በዚህ ስምምነት መሠረት የደቦድ ቤተ መቅደስ ለስፔን ተሰጥቶ በማድሪድ ቆመ፤ የታፋ ወደ ኔዘርላንድስ፣ የኤሌሲያ ወደ ጣሊያን ሄዱ። የደንዱር ቤተ መቅደስ ለአሜሪካ ተሰጠ፤ ከ1978 ጀምሮም የሚታየው በዚያው በሜትሮፖሊታን ሙዚየም ነው። ሙዚየሙ በ1959 ሊገዛ ፈልጎ ያጣውን ቤተ መቅደስ በመጨረሻ አገኘ፤ ያገኘው ግን አገሩ ሌሎቹን ለማዳን ከከፈለው ድርሻ በኋላ በተሰጠ ስጦታ ነው። በሽያጭና በስጦታ መካከል ያለውን ልዩነት ዑካሻ በሚገባ ያውቁ ነበር። የሸጠ ሰው ዋጋውን ተቀብሎ ይለያያል፤ የሰጠ ሰው ግን ወዳጅ ያተርፋል፤ ሊጠየቅ የሚችል ውለታም በእጁ ይቀራል።

በመጋቢት 8 ቀን 1960 የዩኔስኮ ዋና ዳይሬክተር ቪቶሪኖ ቬሮኔዜ ከፓሪስ ለዓለም ጥሪ አሰሙ። በዚያ ሥነ ሥርዓት ላይ ከተናገሩት መካከል የፈረንሳይ የባህል ጉዳዮች ሚኒስትር አንድሬ ማልሮ ነበሩ። መንግሥታቸው ከካይሮ ጋር አምባሳደር እንኳ ሳይለዋወጥ የፈረንሳይ ሚኒስትር ስለ ግብጽ ሐውልቶች በዚያ መድረክ መቆማቸው የሦስተኛውን ቤት ጥቅም ከምንም በላይ ያስረዳል።

ገንዘቡ ግን እንደ ንግግሩ ፈጥኖ አልመጣም። ለአቡ ሲምበል ብዙ ሐሳቦች ቀረቡ፤ ፈረንሳውያን ባለሙያዎች ቤተ መቅደሶቹን ባሉበት ትተው በዙሪያቸው ግድብ መሥራት፣ ጣሊያናውያን ደግሞ ዐለቱን ሳይቆርጡ ሙሉውን በማንሻ ወደ ላይ መግፋት ይሻላል አሉ። የሁለቱም ወጪ ከሚገኘው ገንዘብ በላይ ሆነ። በ1963 የተመረጠው ርካሹ መንገድ ነበር፤ ቤተ መቅደሶቹን ቆራርጦ ማንሣት። የጀርመን፣ የጣሊያን፣ የፈረንሳይ፣ የስዊድንና የግብጽ ኩባንያዎች በጋራ ውል ፈረሙ፤ ውሃው እየጨመረ ስለነበር መጀመሪያ ጊዜያዊ መከላከያ ግድብ ሠሩ፤ ከዚያም ዐለቱን ብዙዎቹ 20 እና 30 ቶን በሚመዝኑ ከ1,000 በላይ ብሎኮች ቆርጠው 65 ሜትር ያህል ከፍ፣ 200 ሜትር ያህል ወደ ኋላ ፈቀቅ አድርገው ገጣጠሙት። ወጪው 40 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሲሆን ከዚህ ግማሽ ያህሉን ወደ 50 የሚጠጉ አገሮች አዋጡ።

ከእነዚህ መካከል የአሜሪካ ድርሻ የተከፈለበት ዘዴ ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል። አሜሪካ በዚያ ዘመን ለግብጽ ስንዴ ትሸጥ የነበረው በግብጽ ፓውንድ ነው፤ የተጠራቀመው ፓውንድ ግን ከግብጽ ውጭ ለምንም አይጠቅማትም ነበር። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በ1961 ኮንግረሱ ለኑቢያ ቅርሶች ገንዘብ እንዲፈቅድ ሲጠይቁ የታሰበው ይኸው በካይሮ የተቀመጠው ገንዘብ ነበር። በዚህ መንገድ ለአቡ ሲምበል 12 ሚሊዮን ዶላር ያህል ዋጋ ያለው ገንዘብ ተገኘ። ለጋሹ የማይከብደውን ነገር አውቆ እሱን መጠየቅ የድርድር ጥበብ ነው፤ ተቀባዩም ምንም አልጎደለበትም፤ ሠራተኛው የሚከፈለው በግብጽ ፓውንድ ነበርና።

ሌላው መሣሪያ ኤግዚቢሽን ነበር። ከ1961 ጀምሮ ከቱታንካሙን መቃብር የተገኙ የተመረጡ ትናንሽ ዕቃዎች በአሜሪካ ከተሞች ተዘዋውረው ታዩ፤ ሕዝቡ ስለ ኑቢያ እንዲያውቅና እንዲያስብ ማድረግ ዓላማው ነበር። በ1967 በፓሪስ የተከፈተውን ታላቁን የቱታንካሙን ኤግዚቢሽን ደግሞ ከ1.2 ሚሊዮን በላይ ሰው ጎበኘው። ኤግዚቢሽኑ ክፍት በነበረበት በሰኔ ወር ግብጽ ከእስራኤል ጋር ተዋግታ ከባድ ሽንፈት ደረሰባት። በዚያ መራራ ሰሞን የግብጽ ስም በፓሪስ ጋዜጦች ላይ ከጦር ሜዳ ዜና ጎን ለጎን በሌላ ገጽታም ይነበብ ነበር።

የዑካሻ የሥልጣን ዘመን ያልተቋረጠ አለመሆኑን እዚህ ላይ መናገር ያስፈልጋል። በ1962 ከሚኒስትርነት ተነሥተው የግብጽ ብሔራዊ ባንክ ቦርድ ሊቀ መንበር ሆኑ፤ ባህል ከማስታወቂያ ጋር ተዋህዶ በአብደል ቃድር ሐቴም እጅ ገባ። በዚያ ዘመን «በየስድስት ሰዓቱ አንድ መጽሐፍ» የሚል መፈክር ይሰማ ነበር። ብዙ ማሳተም በራሱ ክፉ አይደለም፤ መጽሐፍ ያላየ ሰፊ ሕዝብ ላለበት አገር ደግሞ የሚያስመሰግን ሊሆን ይችላል። ዑካሻ ግን ባህልን በቁጥር ሳይሆን በጥራት የሚለኩ ሰው ነበሩ፤ የሁለቱ ሰዎች ልዩነት በግብጽ ምሁራን ዘንድ «የብዛትና የጥራት ክርክር» ተብሎ ለረጅም ጊዜ ሲነሣ ኖሯል። የባህል ሚኒስትር በሁሉም አገር ይኼው ጥያቄ ይገጥመዋል፦ ያለውን ጥቂት ገንዘብ ለብዙዎች በስሱ ይበትነው፣ ወይስ ለሃምሳ ዓመት የሚቆይ ተቋም ይትከልበት? ጥራትን የመረጠ ሰው የከተማ ምሁራንን ብቻ ያገለግላል ተብሎ ይወቀሳል፤ ዑካሻም ከዚህ ወቀሳ አላመለጡም። በሌላ በኩል ግን የባህል ቤቶች ከካይሮ ውጭ ባሉ ከተሞች እንዲስፋፉ የደገፉት እሳቸው መሆናቸው መዘንጋት የለበትም።

ከሥልጣን ርቀው በነበሩባቸው አራት ዓመታት የኑቢያ ሥራ ከእጃቸው ጨርሶ አልወጣም። በ1962 የዩኔስኮ ሥራ አስፈጻሚ ቦርድ አባል ሆነው ስለነበር፣ አገር ቤት ያጡትን ወንበር የሚያካክስ ወንበር በፓሪስ ነበራቸው፤ በዚያም እስከ 1970 ቆዩ። የአቡ ሲምበል ውል የተፈረመውና አብዛኛው ቆረጣ የተካሄደው እሳቸው ሚኒስትር ባልነበሩበት ጊዜ ነው። በ1966 ወደ ሚኒስትርነት ተመለሱ፤ በመስከረም 1968 ሥራው ተጠናቆ ሲመረቅም በሥልጣን ላይ ነበሩ። የካይሮ 1,000ኛ ዓመት ሲከበር የካይሮ ዓለም አቀፍ የመጻሕፍት ዐውደ ርዕይ በ1969 የተጀመረውም በዚሁ በሁለተኛው ዘመናቸው ነው። ናስር በመስከረም 1970 ካረፉ ብዙም ሳይቆይ ከሚኒስትርነት ለቀቁ።

አሁን ስለ ሰዎቹ መናገር አለብን። በኑቢያ የነበረው ድንጋይ ብቻ አልነበረም። በግብጽ በኩል 50,000 ያህል፣ በሱዳንም ከዋዲ ሐልፋ አካባቢ በዚያው ቁጥር ገደማ የሚሆኑ ኑቢያውያን ከአባቶቻቸው መንደር ተነሡ። የግብጾቹ ወደ ኮም ኦምቦ፣ የሱዳኖቹ ወደ ኸሽም ኤል ጊርባ ተወሰዱ፤ ከወንዝ ዳር ኑሯቸው፣ ከተምር ዛፎቻቸውና ከመቃብሮቻቸው ተለዩ። ለራምሴስ ሐውልት የተንቀሳቀሰው ዓለም ለእነዚህ ቤተሰቦች በዚያ ልክ አልተንቀሳቀሰም። የማስፈሩ ሥራ የሌላ መሥሪያ ቤት ኃላፊነት ስለነበር ጥፋቱን በባህል ሚኒስትሩ ላይ ብቻ መጣል ፍትሐዊ አይሆንም። ሆኖም «ባህል» የሚለው ቃል በዚያ ዘመን በሹማምንቱ አፍ ሐውልትንና ሙዚየምን ሲያመለክት፣ በሕይወት ያለውን የኑቢያ ቋንቋ፣ ዜማና የቤት አሠራር ግን በእኩል ክብደት አለማካተቱ በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚያሳዝነኝ ነገር ነው።

ለእኛ አንባቢዎች ደግሞ ሌላ የሚቀርብ ነገር አለ። ሐይቁን የሞላው ውሃ አብዛኛው ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርድ ነው፤ ግብጽና ሱዳን ግን ውሃውን በኅዳር 1959 ሲከፋፈሉ ኢትዮጵያ በጠረጴዛው ዙሪያ አልነበረችም። በዚያው ዓመት ቅርሱ «የሰው ልጅ ሁሉ» ተብሎ፣ ውሃው ግን የሁለት አገሮች ብቻ ተብሎ መታየቱን ሳስተውል እቆረቆራለሁ። ከቅርሱ በኩል የመጣው ሐሳብ ግን እኛም ዘንድ ደርሷል። የኑቢያ ዘመቻ አገሮች ተባብረው ቅርስ ማዳን እንደሚችሉ ካሳየ በኋላ የዓለም ቅርስ ስምምነት በኅዳር 1972 ጸደቀ፤ በ1978 ለመጀመሪያ ጊዜ ከተመዘገቡት 12 ቦታዎች መካከል የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናትና የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ይገኙበታል። የአቡ ሲምበል ቤተ መቅደሶች ራሳቸው፣ ከፊሌ ጋር፣ የተመዘገቡት ከላሊበላ አንድ ዓመት ዘግይተው ነው።

ዑካሻ ከመንግሥት ሥራ ከተለዩ በኋላ የቀሩትን አሥርተ ዓመታት ለመጻፍ ሰጡ፤ የዓለምን የሥነ ጥበብ ታሪክ በዐረብኛ የሚተርክ ብዙ ቅጾች ያሉት ሥራ አዘጋጁ፣ ከላቲንና ከእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍም ተረጎሙ። የፊሌ ቤተ መቅደስ ወደ አጠገቡ ደሴት ተዛውሮ የኑቢያ ዘመቻ በመጋቢት 1980 ሲዘጋ ሚኒስትርነታቸው ካበቃ አሥር ዓመት ሊሞላው ተቃርቦ ነበር። በየካቲት 2012 በ91 ዓመታቸው በካይሮ አረፉ። ከሁለት ዓመት በኋላ በ2014 የጸደቀው የግብጽ ሕገ መንግሥት፣ በአንቀጽ 236፣ ኑቢያውያን በአሥር ዓመት ውስጥ ወደ ቀድሞ አካባቢያቸው እንዲመለሱ መንግሥት እንዲሠራ አዘዘ። አሥሩ ዓመት በ2024 ሞላ፤ ወደ ሐይቁ ዳር መመለስ የሚጠይቁ ኑቢያውያን ግን ዛሬም በኮም ኦምቦ አሉ።